ተቀበል የሚለው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ከሁሉ አስቀድሜ ሁለት ጥያቄ ልጠይቅህ ነው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ መመለስ አያስፈልግህም፤ በልብህ ብትመልስልኝ ይበቃኛል። በሠርግ ወይም በዓመት በዓል ቀን መሰንቆ ሲመታ ሰምተህ፣ ትከሻህ ያለ ፈቃድህ ተነቅንቆብህ ያውቃል? «እንዴታ!» እንደምትለኝ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲያው ሁለተኛውን ስማ። ያንን ባለ መሰንቆ በማግሥቱ በአደባባይ ብታገኘው፣ ባልንጀሮችህ አጠገብህ ቆመው እያዩህ፣ ጎንበስ ብለህ «እንደምን አደሩ፣ አባባ?» ትለዋለህን?

ዝም አልህ። አይዞህ፤ እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ያልሁ ሰው ነኝ። የዛሬው ጨዋታዬም ይህ ዝምታ እንዴት አድርጎ እንዳሳፈረኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በፍኖተ ሰላም ነው። አገሩን ላላየ ሰው ጥቂት ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው ዋና መንገድ ከተማዪቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ስሟ ግእዝ ነው፤ «የሰላም ጎዳና» ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት እንደ ተጓዙ ቡሬ ትገኛለች። በቡሬ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ ቍልቍል ወርዶ ወደ ነቀምት ይሻገራል። ስለዚህ የቡሬ ገበያ የበርበሬና የእህል ብቻ አይደለም፤ የዜማም ገበያ ነው። መንገደኛ የሚያውቀውን ዘፈን ትቶ፣ የማያውቀውን ይዞ ይሄዳል።

እኔ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ትንሽ ጸሐፊ ነበርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግርህም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። ዘመኑ ጦርነት ወደ አገሩ ሳይገባ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ እህሉ ከዐውድማ ገብቶ፣ በየመንደሩ ሠርግ በሚደገስበት ወራት፣ የየወረዳው የባህል ጨዋታ ቡድኖች በከተማዪቱ ሜዳ ተሰብስበው እንዲጫወቱ ተወሰነ። ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከደምበጫ፣ ከሰከላ፣ ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞት ቡድን ይመጣል ተባለ። ኮሚቴም ተቋቋመ፤ በዕድሜ ከሁሉ ያነስሁ እኔ ስለ ነበርሁ ጸሐፊ ሆንሁ። በኮሚቴ ውስጥ ሥራው ለታናሹ፣ ንግግሩ ለታላቁ እንደሚሰጥ አንተም ታውቀዋለህ።

ፕሮግራሙን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የመክፈቻ ንግግር 20 ደቂቃ፤ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር 15 ደቂቃ፤ ስለ ባህል ጥቅም የሚደረግ ገለጻ 30 ደቂቃ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 10 ደቂቃ። ከሁሉ በታች፣ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ «ሽማግሌ ባለ መሰንቆ፣ 5 ደቂቃ፣ ጊዜ ከተረፈ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚህም ሌላ አንድ ማስታወቂያ አወጣሁ፤ ይኸውም ማንኛውም ተጫዋች የሚዘፍነውን ግጥም በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ፣ ከበዓሉ ሦስት ቀን አስቀድሞ ለኮሚቴው እንዲያስገባ የሚል ነው። አንዱ ቅጂ ለሰብሳቢው፣ አንዱ ቅጂ ለፋይል። በዚህ ማስታወቂያ እጅግ ኮርቼ ነበር፤ ማኅተም እንኳ አስመትቼበታለሁ።

የቡድኖቹ ግጥም በጊዜው ገባ። ሽማግሌው ግን በመጨረሻው ቀን፣ መሰንቆውን ከጋቢው ሥር ሸሽጎ፣ ባዶ እጁን መጣ።

«አባባ፣ ግጥምዎን ጽፈው አመጡ?» አልሁት።

«የቱን ግጥም ልጄ?»

«በበዓሉ ቀን የሚሉትን ነዋ።»

«በዓሉ መቼ ነው?»

«ሦስት ቀን ቀርቶታል።»

«እንግዲያውማ ገና ነው!» አለና ሳቀ። «ሰዉ ሳይመጣ ግጥሙ ከየት ይመጣል?»

ይህን እንደ አለማወቅ ቈጠርሁበት። ስለዚህ እንደ ሕፃን በትዕግሥት አስረዳሁት፤ ሕጉ ይህ መሆኑን፣ ሁለት ቅጂ እንደሚያስፈልግ፣ ያለ ቅጂ መድረክ እንደማይወጣ ነገርሁት። እርሱም «ሁለት ቅጂ... ሁለት ቅጂ...» እያለ ቃሉን እንደ ቆሎ አላመጠው፤ ፈገግም አለ። የፈገግታው ምክንያት ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ተመለሰ። «አንድ ነገር ላስቸግርህ ልጄ። ልምምዱ በትምህርት ቤቱ በኩል ባይሆን ደስ ይለኛል። ልጄ እዚያ ይማራል። መሰንቆህን ይዘህ በበሩ አትለፍብኝ ብሎ ለምኖኛል» አለኝ። ይህን ሲናገር ቅሬታ አልነበረበትም፤ ጥላ ያለበትን ቦታ አሳዩኝ እንደሚል እንግዳ ነበር የተናገረው። እኔም «እናስብበታለን» ብዬ ሸኘሁት። «እናስብበታለን» በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንተ አልተረጕምልህም።

አንባቢ ሆይ! ወደ በዓሉ ቀን ከመድረሳችን በፊት፣ ያ ተማሪ ስላፈረበት ሥራ ጥቂት እናስብ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ «መዝሙር»ና «ዘማሪ»ም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። አንዱን ቅርንጫፍ እንስማለን፤ ሌላውን እንሰድብበታለን። ጠላት ግን የአዝማሪን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ዐውቆት ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ፋሺስቶች በየአገሩ እየዞሩ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ያሏቸውን ሰዎች አስይዘው ሲያስገድሉ፣ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋራ አዝማሪዎችንም ጨምረዋል። ለአንዲት ክር ይህን ያህል መፍራት ነበረባቸውን? ነበረባቸው። በገበያ መካከል የተጣለች አንዲት ቅኔ፣ ከማኅተም የበለጠ ሩቅ ትደርሳለችና።

ክሯም ክር ብቻ አይደለችም፤ የፈረስ ጭራ ናት። መሰንቆ ማለት አራት ማዕዘን የሆነ፣ ቆዳ የተለበጠበት የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ዘንግ፣ አንዲት የጭራ ክርና እርሷን የሚገዘግዝ ጭራ የተወጠረበት ደጋን ነው። ከቡሬ ጥቂት ወደ ሰሜን አልፈህ እንጅባራ ብትደርስ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብሩት በዓል አለ፤ ያ የፈረስ አገር ነው። እንግዲህ በጦር ሜዳ ጌታውን የተሸከመው ፈረስ፣ በሠርግ ቤት ደግሞ በጭራው ይዘፍናል ማለት ነው።

ከመሰንቆው ጋራ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ሲገናኙ ቡድን ይሆናሉ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ክሮቹም እንደ ዜማው ወደ ትዝታ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ይቃኛሉ። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ ጥሩ ዋሽንት ነፊ ረጅሙንም አጭሩንም ብዙ ዋሽንት በከረጢቱ ይዞ ይመጣል፤ ለዘፋኙ ድምፅ የሚስማማውን ከመረጠ በኋላ፣ ክራሩና መሰንቆው ክራቸውን አላልተው ወይም አጥብቀው ወደ ዋሽንቱ ይመጣሉ። መታጠፍ የሚችለው፣ መታጠፍ ለማይችለው ይታጠፋል። ይህ ሕግ በየመሥሪያ ቤታችን ቢገባ ስንት ስብሰባ ይቀርልን ነበር!

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይምሰልህ። በአሜሪካ ኬንተኪ የሚባል አገር አለ፤ በሣሩ ምክንያት «ሰማያዊ ሣር» ይሉታል፣ በቋንቋቸው «ብሉግራስ»። ቢል ሞንሮ የተባለ የገበሬ ልጅ ቡድኑን በዚህ ስም ጠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በናሽቪል ከተማ በታወቀ የራዲዮ ዝግጅት ላይ ቀረበ፤ በኋላም ጨዋታው በሞላ «ብሉግራስ» ተባለ። ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ባንጆና ቤዝ አንድ ላይ ይጫወታሉ፤ ባንጆም ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የሄዱት ዕውቀት ልጅ ነው። በቀደመው ጊዜ ሁሉም አንድ ማይክሮፎን ከበው ይቆሙ ነበር፤ ተራው የደረሰው ወደ ፊት ይቀርባል፤ ከጨረሰ በኋላ ለባልንጀራው ቦታ ለቆ ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1965 በቨርጂኒያ ውስጥ በፊንካስል፣ በአንድ የፈረስ እርባታ ሜዳ ላይ፣ ለተከታታይ ቀናት የቆየ የብሉግራስ በዓል ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ እንዲህ ያለ የሜዳ በዓል ተስፋፋ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ቢል ሞንሮ ሙዚቃን የተማረው በመንደር ጭፈራ ላይ ቫዮሊን ከሚመታ አጎቱና ከአንድ ጥቍር ሙዚቀኛ፣ ከአርኖልድ ሹልዝ ነው። ስመ ጥር ከሆነ በኋላ ሁለቱንም አልሸሸጋቸውም። ስለ አጎቱ ዘፈን አወጣለት፤ ዘፈኑም ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ሆነ። አጎቱ በትምህርት ቤት በር እንዳያልፍ አልለመነውም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ጋራ የሚገናኝበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የሚባል ቡድን ተቋቋመ። ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን ባንድ መድረክ ያሰባሰበው ሐሊም ኤል-ዳብህ ነው፤ በትውልዱ ግብፃዊ ነበር። በኋላ ቡድኑን ተስፋዬ ለማ መራው። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ወጣት በዚያን ጊዜ ወደ አገራችን መጣ፤ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ቁጭ ብሎም መሰንቆ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 የቡድኑ አባሎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው በየዩኒቨርሲቲው ተጫወቱ፤ ኤድ ሱሊቫን በሚባለው ታላቅ የቴሌቪዥን ዝግጅትም ታዩ። በዚያ ጕዞ የተጠሩበት ስም ምን ነበር ትላለህ? «ብሉ ናይል»፣ የዓባይ ቡድን ነበር። ዓባይ ደግሞ የሚፈልቀው ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ በሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ለመሰንቆ ሲንበረከክ፣ እኛ ከአባታችን ጋቢ ሥር እንደብቀዋለን።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም የኪነት ቡድን በየቀበሌው ተቋቋመ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ በመላ አገሩ ታወቁ፤ እንደ ይሁኔ በላይና እንደ ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያንም ከግሽ ዓባይ ወጥተዋል። በእውነቱ እነዚህ ቡድኖች ትልቅ ነገር አድርገዋል። የገበሬውን ልጅ ደመወዝ ያለው ሙዚቀኛ አደረጉት፤ የመንደሩን እስክስታ በትልቅ መድረክ አሳዩት። ዳሩ ግን ዋጋ አስከፍለዋል። ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ተፈቅዶ የሚወጣ ሆነ፤ ሕዝቡም ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ ቡድኖች ተበተኑ፤ የጽሑፉ ልማድ ግን በየቢሮው ቀረ። የእኔ ማስታወቂያ የዚያ ልማድ የልጅ ልጅ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

አሁን ወደ በዓሉ ቀን እንመለስ። ሜዳው ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። የባላገሩ ልጆች አረንጓዴ ቍምጣቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው መጡ፤ ኮረዶቹ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ በጥልፍ ቀሚሳቸው ላይ መቀነታቸውን ታጥቀው ቆሙ። ንግግሩ ተጀመረ። 20 ደቂቃ የተባለው 45 ሆነ፤ 30 የተባለው ከአንድ ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ በረታ። ሕዝቡ እየተነሣ ወደ ጥላ ሸሸ። ለቡድኖቹ የቀረው ጊዜ ስላነሰ፣ ለእያንዳንዱ ከተመደበው ላይ ግማሹን ቀነስሁ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ደግሞ በእርሳስ ሰረዝሁት። ሽማግሌው ከመድረኩ ጎን በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲሰረዝ አየ። ምንም አልተናገረም።

ቡድኖቹ ተጫወቱ። ጥሩም ተጫወቱ፤ ነገር ግን ማጉያው ከመጠን በላይ ይጮኽ ስለ ነበር ዋሽንቱ አይሰማም፤ ክራሩም በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተውጦ ቀረ። ሰዉ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፤ አያጨበጭብም፣ አይቀበልም፤ ሁለት እጁ ተይዟልና። የቡሬው ቡድን መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈኑን ገና ሲጀምር፣ ድንገት ሁሉም ነገር ዝም አለ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም ተሞከረ፤ ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ተወ።

አንባቢ ሆይ! በሺህ የሚቈጠር ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምተህ ታውቃለህን? እኔ ፕሮግራሙን በእጄ እንደ ያዝሁ ላብ አጠመቀኝ። ዘፋኙ የሞተውን ማይክሮፎን ይዞ ቆመ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከድንጋዩ ተነሣ። ወደ መድረኩ አልወጣም፤ ወደ ሕዝቡ መካከል ገባ። መሰንቆውን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ደጋኑን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ሳበ። በዙሪያው ያሉት ቀረብ አሉ። ከተማሪዎች ወገን አንዲት ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ተቀበል!» አለችው። ሰዉ ዞሮ አያት። እርሷ ግን አላፈረችም፤ እንዲህ አለች፦

መብራቱ ቢጠፋ፣ አይጨልምም ቤቱ፣
አንዲት ክር ትበቃል፣ ለገባው ብልሃቱ።

ሽማግሌው ዓይኑ በራ። ግጥሙን ተቀብሎ በዜማ አወጣው፤ ሕዝቡም ክሯ የኩራዝም የመሰንቆም መሆኗ ሲገባው ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት ያልገባው ገበሬ እንኳ ሰምና ወርቁን ለመለየት አስተማሪ አይሻም። ወዲያው አንድ ባላገር «ተቀበል!» አለ፤ ቀጥሎ ሌላው። የቡሬው ከበሮ መቺ ከበሮውን አንግቶ ከመድረክ ዘለለ። ዋሽንት ነፊው ከረጢቱን ፈቶ ለሽማግሌው ድምፅ የሚስማማውን ፈለገ፤ ባለ ክራሩም ከሰዉ መካከል ተቀምጦ ክሩን ቃኘ። የሰከላው፣ የደምበጫው፣ የቋሪቱ ቡድን አንድ ሆነ። ስልክ ይዘው የነበሩ እጆች ማጨብጨብ ጀመሩ። ከሰዓት በፊት የተፈራረቁ ተናጋሪዎች ሁሉ «ባህላችን ሕያው ነው» ብለው ነበር፤ እኔ ግን ያንን ነገር ያየሁት መብራት ከጠፋ በኋላ ነው።

በዚያ መካከል ሽማግሌው ዞር ዞር ብሎ እኔን ፈለገ። ሲያገኘኝም ደጋኑን ቀስ አድርጎ እየሳበ፣ ጠላ ወደ ያዘችው ሴት ፊቱን መልሶ እንዲህ አለ፦

ጸሐፊው አዘዘኝ፣ ሁለት ቅጂ ብሎ፣
ማን ይቀዳል ታዲያ፣ ጋኑ ባዶ ውሎ።

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሰሙ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው አሳላፊዪቱን «ሁለት ቅጂ» ብሎ አዟል፣ ጋኑ ግን ባዶ ነው። ወርቁ ወደ እኔ መጣ። ሕዝቡ ባልመጣበት፣ ልቡ ባልሞላበት ጊዜ፣ የግጥም ቅጂ ከየት ይቀዳል? በዚያ በቢሮዬ ቃሉን እንደ ቆሎ ሲያላምጥ የነበረው ለዚህ ኖሯል! በዕድሜዬ ብዙ ተግሣጽ ተቀብያለሁ፤ በደብዳቤም፣ በቃልም። እንደዚህ ያለ ግን አልተቀበልሁም፤ እየተቀጣሁ ስቄአለሁና። ኪሴን ዳብሼ ያገኘሁትን አውጥቼ በግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት።

ጨዋታው እስኪመሽ ቆየ። ሰዉ ሲበተን ወደ ሽማግሌው ቀርቤ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ቅጂ ያሉትን ግጥም፣ ከእርሱ ቀጥሎም ያሉትን ሁሉ ይንገሩኝና ልጻፈው» አልሁት። የሞላ ጋን ካገኘሁ ዘንድ ልቅዳ ማለቴ ነበር።

እርሱም መሰንቆውን እየጠቀለለ «አሁንማ የለም ልጄ፤ ሰዉ ይዞት ሄደ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ! እኔ ከዚያ ቀን የተማርሁት ይህ ነው። የባህል ቡድን ማለት መድረክ ላይ የቆሙት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ግጥም የሚሰጠው፣ የሚያጨበጭበው፣ «ተቀበል!» የሚለው ሰው የቡድኑ ግማሽ ነው። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላሉ አባቶቻችን፤ ጠጠሩ ሲነሣ ትልቁ ጋን ይገለበጣል። አዝማሪ የጠፋው ዘፈን ስለ ጠፋ አይደለም፤ ዘፈን በየስልካችን ሞልቶ ተርፏል። የሚጠፋው፣ የሚቀበለው እንጂ የሚሰጠው ሰው ስለ ጠፋ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ወደ ጎጃም ገባ። ስሟ የሰላም ጎዳና የሆነው ከተማም የፍንዳታ ድምፅ ሰማች፤ ሰዎቿንም ቀበረች። እንዲህ ባለ ዘመን ሰው በሜዳ ተሰብስቦ መጫወቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለ መሰንቆ መናገርም ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አላስብም። ሐዘንተኛም ሙሾ አውራጅ ይሻል፤ ሰላም የወረደ ዕለትም ሰው ወደ ሜዳ ሲወጣ የሚለው ነገር ያስፈልገዋል። ሜዳው እስኪከፈት ድረስ ሥራው በቤት፣ በተማሪዎች መኝታ ክፍል፣ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሁለት ስንኝ ገጥመህ ለባልንጀራህ ጣልለት፤ በሁለት ይመልስልህ። አንቺም እኅቴ፣ ያቺን ተማሪ አስቢያት። ሽማግሌ ባለ መሰንቆ ብታገኙ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ድምፁን ቅረጹ፤ ስሙንና አገሩን ጻፉ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ግን ሰላምታ ስጡት፤ ከቀረጻችሁ በኋላም ሸልሙት።

ጨዋታዬን ልፈጽም። በበዓሉ ማግሥት ሽማግሌውን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘሁት። መንገዱ በትምህርት ቤቱ በር ያልፋል፤ የጠዋት ደወል ሊደወል ሲል ስለ ነበር ተማሪዎች በሩን ሞልተውት ነበር። ሽማግሌው እርምጃውን ገታ አደረገና መሰንቆውን ወደ ጋቢው ሥር ሊያስገባ ጀመረ። «ይስጡኝ አባባ» አልሁት። ሰጠኝ። እኔም የመሥሪያ ቤት ኮትና ክራቫቴን እንደ ለበስሁ፣ መሰንቆውን በግልጽ በትከሻዬ አድርጌ በበሩ አለፍሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዲት ልጅ ግን ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም እጅ ነሡት። ሽማግሌው «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ አለፈ፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልተመለከተም።

ልጁ ከእነርሱ መካከል ይሆን? አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ፣ እንደ እኔ ትንሽ ጸሐፊ ሆኖ፣ ይህን ገጽ ያነብ ይሆናል። እንግዲያውስ አንተ ልጅ፣ ይህ መልእክት ለአንተ ነው፤ የአባትህ ግጥም በፋይሌ ውስጥ የለም፤ ያ ሁሉ ሰው ይዞት ሄዷል።